ዋዜማ ያልነበራት ደዋይ

ሮዚና ሽቬንክ የሽታይንሃልደ መንደርን ደወል አርባ አንድ ዓመት ደውላለች። ከእሷ በፊት አባቷ፣ ከአባቷ በፊት አያቷ ደውለዋል። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጋር ተለጥፎ የተሠራ ነው፤ የእኔ የኮርቻ መስፊያ ቤት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ ነው። ስለዚህ ስለ እሷ ለመናገር ከእኔ የቀረበ ሰው የለም። ከእኔ የበለጠ የሚያፍርም የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ "ይህ ሰውዬ ራሱን የት ደብቆ ነው የሚያወራው?" እንዳልባል ነው።

ደወል መደወል ገመድ ጎተት አድርጎ መልቀቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማለዳ ገበሬው ሳይነሣ አንድ ጊዜ፣ ረፋዱ ላይ ሴቶቹ ድንቻቸውን እንዲጥዱ አንድ ጊዜ፣ አመሻሽ ለጸሎት አንድ ጊዜ ይደወላል። ሰው ሲሞት በዕድሜው ልክ፣ እሳት ሲነሣ ደግሞ እስኪጠፋ ድረስ። በየቀኑ ሰባ አራት ደረጃ ወጥታ የግንቡን ሰዓት በመዘውር ትሞላለች። ክረምት ሲገባ የቤተ ክርስቲያኑን ምድጃ ከሌሊቱ ጀምራ ታነዳለች፤ ሰባኪው ግን ስለ ሲኦል ሲናገር ያለው ሙቀት የራሱ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የቅዳሜው ነው። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትልቁና ትንሹ ደወል አብረው ይደወላሉ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ። የትልቁን ገመድ በሁለት እጇ፣ የትንሹን ጫፉ ላይ ባለው ቀለበት በእግሯ ትስበዋለች። በእኛ ዘንድ ፋየርአቤንት የሚባለው ይህ ነበር። ዛሬ ቃሉን በየፋብሪካው በር፣ በየቢሮው ደረጃ ትሰሙታላችሁ፤ ሰኞም ማክሰኞም ካፖርቱን ያነሣ ሁሉ "ፋየርአቤንት" ይላል፣ ሥራ አበቃ ለማለት። በመንደራችን ግን ያን ጊዜ የቅዳሜው ደወል ካልተደወለ ሥራ አያበቃም።

ያልተጻፈ ሕግ ነበረን። ከደወሉ በፊት ሥራ ያቆመ ሰነፍ ነው፤ ከደወሉ በኋላ የሠራ ኃጢአተኛ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በአያቴ ዘመን ያኮብ የሚባል ሰው ደወሉ ካበቃ በኋላ አንድ ጋሪ ድርቆሽ ጭኖ ሲገባ ታየ። ሰውየው ከሞተ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ የልጅ ልጆቹ ግን ዛሬም "ማታ ጫኞች" ነው የሚባሉት። ከቤታቸው ሴት ልጅ ስትዳር እንኳ "የማን ልጅ ናት?" ሲባል "የማታ ጫኞች" ይባላል። ስለዚህ የሽታይንሃልደ ሰው እግዚአብሔርን በልኩ ይፈራል፤ ቅጽል ስምን ግን አብዝቶ ይፈራል።

ሮዚና የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። በበሯ ጎን አባቷ የሠራት አግዳሚ ወንበር አለች፣ ፊቷ ወደ ሜዳው የሆነ። ቅዳሜ ደወሉ ሲጀምር ሰው ሁሉ ተጣጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ በየደጁ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። የፖም ጠላ ይቀዳል፣ ሐሜት ይጀመራል። ሮዚና እዚያች ወንበር ላይ፣ ደወሉ እየተደወለ፣ እጇን አጣምራ መቀመጥ ነበር የምትፈልገው። ሌላ ሰው እየደወለ ማለት ነው። እሷ ደውላ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ ለእሑድ ወለሉን ጠርጋ፣ የመዝሙሩን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ሰቅላ ስትወጣ መንደሩ እራቱን በልቶ ተኝቷል።

ለምን አልተወችውም ትሉ ይሆናል። አባቷ ሲሞት አጠገቡ ጠርቶ፣ "የሚቀበልሽ እጅ ሳታገኚ ገመዱን እንዳትለቂ" አላት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቷ በሙሉ የሚቀበላትን እጅ መጠበቅ ነው።

አንድ ጊዜ ሊሳካላት ነበር። ከሸለቆው ማዶ ሚስቱ የሞተችበት ባለ ወፍጮ ለትዳር ጠየቃት። መልከ መልካም ባይሆንም ረጋ ያለ ሰው ነበር ይላሉ። ደዋይ የሚሾሙት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች "እስከ ገና ይታገሥ፣ ተተኪ እንፈልጋለን" አሉ። ገና መጣ፣ "እስከ ፋሲካ" አሉ። በፋሲካ ማግስት ባለ ወፍጮው ሌላ አገባ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቆጭቷት እንደሆነ ጠየቅኋት። "ወፍጮም ሰንበት የለውም" አለችኝና ወደ ቤቷ ገባች። እኔ ግን እንደ ቆጫት አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ምሽት ደወሉን ከወትሮው አሳጥራ ነው የደወለችው።

ከመንደሩ ርቃ የሄደችው አንድ ጊዜ ነው፣ ጥርሷን ለማስነቀል። አራት ጥርስ አስነቅላ፣ አፏ ውስጥ ጥጥ እንደ ጎረሰች በከሰዓቱ ባቡር ተመልሳ የአመሻሹን ደወለች። በሠርግም ደወሉ እንዳያልፋት ቆማ ነው የምትበላው። ጦርነት ሲመጣ ትልቁን ደወል አቅልጠው መድፍ ሊሠሩበት አውርደው ወሰዱት። መንደሩ ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም፤ ክብደቱ ስለቀነሰላት ሳይሆን አይቀርም ብለን አማናት። ከጦርነቱ ስድስት ዓመት በኋላ አዲሱ ደወል በአበባ አጊጦ፣ በአራት በሬ ተስቦ ገባ። ከድሮው በጣም ይከብዳል። እሷ ደግሞ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ያን ሰሞን ነው መጀመሪያ ወደ እኔ የመጣችው። በሩ ላይ ቆመች።

"ኦይገን፣ ቅዳሜ ቅዳሜን ብቻ ያዝልኝ" አለችኝ። "ሌላውን እኔ እችለዋለሁ።"

"አክስት ሮዚና፣ ወገቤን ታውቂዋለሽ" አልኳት። ዘመዴ አይደለችም፤ እኛ ዘንድ ታላቅ ሴት ሁሉ አክስት ነች።

"ምን ሆነ ወገብህ?"

"ኮርቻ ላይ ሲጎብጥ የኖረ ወገብ ምን ይሆናል?"

አየችኝ። "ደህና" ብላ ሄደች። በየዓመቱ አንድ ጊዜ እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ ወገቤን አነሣለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ወገቤ ደህና ነበር። የቅዳሜ ወንበሬን ነው ያልሰጠኋት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ስድስት ነን፣ እኔም አንዱ ነኝ። እኛም በየጉባኤው "ከአዝመራ በኋላ እናየዋለን" እንላት ነበር። ተተኪዋ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት።

የሆነው ሁሉ የሆነው ስልሳ ስምንት ዓመት በሞላት ጊዜ ነው። ቄስ ኖልተ ከሰሜን የመጡ አዲስ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሰው ይልቅ ቃላት የሚወዱ። ቅዳሜን እንደኛ አይጠሩትም፤ "ዞንአቤንት" ነው የሚሉት። ልጆች ሳይቀሩ ከኋላቸው ይሥቁባቸዋል። አንድ ከሰዓት እኔ የደወሉን ምላስ የሚያንጠለጥለውን ጠፍር ለመቀየር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጬ አዲሱን በወስፌ እወጋለሁ፤ ሮዚና መቅረዞቹን ትወለውላለች፤ ቄሱ መጽሐፋቸውን ይዘው ይንጎራደዳሉ።

"ክቡር ቄስ፣ እርስዎ አገር ቅዳሜ ማለዳውም ምሽት ነው እንዴ?" አለቻቸው። አቤንት ማለት ምሽት ነዋ።

ቄሱ ደስ አላቸው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቃቸው አጥተው ነበር። "ወይዘሪት ሽቬንክ፣ የጥንት ሰዎች አቤንት ሲሉ ምሽቱን ብቻ ማለታቸው አልነበረም። ከበዓል በፊት ያለውን ቀን፣ ዋዜማውን ማለታቸው ነው። ዞንአቤንት የእሑድ ዋዜማ ነው።"

"ፋየርአቤንትስ?"

"ያው ነው። ፋየር በዓል ነው፤ ፋየርአቤንት የበዓል ዋዜማ ነበር። ከሥራ መውጫ ማለት የሆነው ኋላ ነው። የእጅ ባለሙያዎች ናቸው ከዋዜማ አውርደው የየማታው ያደረጉት፤ እንደ ኦይገን ያሉት።" ወደ እኔ ጠቆሙ።

"እኔ የለሁበትም" አልኩ።

ሮዚና አልሣቀችም። "ያን ጊዜ ታዲያ ማን ነበር የሚፈቅደው? ጌታው ነው?"

"ማንም አይፈቅድም። ዋዜማው ሲገባ ጌታውም ሎሌውም እኩል እጁን ከሥራ ያነሣል። ዕረፍቱ ጌታው ሲራራ የሚሰጠው አይደለም፤ ከበዓሉ ጋር የሚመጣ ነው። እሱን ለማግኘት ማንንም መለመን የለም።"

መቅረዙን አገላብጣ አየችው። "ለደዋዩስ?"

ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "እሱን እንኳ መዝገበ ቃላቱ አይናገርም" አሉ።

"አይናገርማ" አለች፣ ወደ ውልወላዋም ተመለሰች። እኔ ጠፍሬን ጨርሼ ወጣሁ። ነገሩ ከአእምሮዋ እንዳልወጣ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ መጣ። ሣሩ ታጭዶ ሦስት ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ደርቋል። መንደሩ በሙሉ ሜዳው ላይ ነው፣ እኔም ለአንዲቷ ላሜ የምትሆን ሁለት ቁራጭ መሬት አለችኝ። በዚያ ወቅት ፀሐይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትጠልቅም፤ ከሰማይ ሰዓት መለየት አይቻልም። ሁሉም ሰው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ድርቆሹን ጭኖ ሊገባ አስቧል። ለመጫኛው የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት ትበቃለች።

ሮዚና የዓርብን ሌሊት አልተኛችም። ሐሙስ የሞተ የአንድ ሰው ቀብር ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነበር። ጉድጓዱ ሲዘጋጅ ቆማለች፣ ደውላለች፣ ከቀብር በኋላ የተረገጠውን አፈር ጠርጋለች። ሰዓቱን ሞልታ ስትወርድ ደረጃው ሥር ለትንሽ ተቀመጠች። እንቅልፍ ወሰዳት። ከላይ ሰዓቱ ሲመታ ባነነች፤ አሥራ አንድ ነው የመታው፣ እሷ አሥራ ሁለት መሰላት። ተነሥታ ገመዱን ያዘች።

ሜዳው ላይ ደወሉን ስንሰማ ሁላችንም ቀጥ አልን። እኔ የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ይላል። ቆሞ ይሆናል ብዬ ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት፤ ይሠራል። ቀና ስል ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ወንድ ሁሉ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አስጠግቷል። የትልቁ ሜዳ ባለቤት ጎትሎብ ራው የሚባል ነው፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ድምፀ ጎርናና እሱ ነው፤ እሱ እንኳ ባለ ሰንሰለት ሰዓቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ እንደ እንቁላል ይነቀንቃል።

"አንድ ሰዓት ይቀራል እኮ" አለች ሚስቱ።

"ደወሉን አትሰሚም?"

"እሰማለሁ። ሰዓቱንም አያለሁ።"

"እንግዲያው አንቺ ጫኚ። ማታ ጫኝ ይበሉሽ።"

ሴትየዋ መንሿን ጣለች። ሌላውም ጣለ። ሁሉም ሰዓት አለው፣ ሁሉም ያውቃል፤ ግን መንሹን መጀመሪያ መልሶ የሚያነሣው ሰው ማን ይሁን? መንሻችንን ትከሻችን ላይ አድርገን ወደ ቤት ገባን። ድርቆሹ ሜዳው ላይ ቀረ። አንድ ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ተቀደደ፤ ሌሊቱን በሙሉ ዘነበ፣ እሑድም ዘነበ። የመንደሩ የክረምት ድርቆሽ ጠቆረ።

ዝናቡ ሲጀምር ሰዉ ወደ ሮዚና ቤት ሄደ፣ እኔም ከኋላ ነበርኩ። እርጎዋን እየበላች ነው ያገኘናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሁሉም "እኔ ያኔውኑ አውቄዋለሁ" ይላል።

"ሰዓት አታውቂም?" አላት ጎትሎብ።

"ተኝቼ ነበር" አለች። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አንተስ አታውቅም?"

"እኔ ደወሉን አምኜ ነው።"

"እኔም እንቅልፌን አምኜ ነው።"

"የመንደሩን ከብት አስራበሽ እኮ!"

"አዎ" አለች። "ጥፋቴ ነው። በሰዓቱ የሚደውል ፈልጉ።"

ያን ጊዜ ፊቷን አየሁት። እንደ ተከሰሰ ሰው አልነበረም። ሲመሽበት የቤቱ መብራት ከሩቅ እንደ ታየው መንገደኛ ነበር።

በማግስቱ ከስብከት በኋላ ስድስታችን ከቄሱ ጋር ተሰበሰብን። ሮዚና የእሑድ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ገባች። የግንቡን ቁልፍ፣ ያን የክንድ ግማሽ የሚያህል ብረት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማለዳ በመስኮቷ አይቻት ነበር፤ ሳህኖቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ቅርጫት ውስጥ ትደረድራለች። ቤቱ የደዋዩ ነው፣ ገመዱን የለቀቀ ቤቱንም ይለቃል። የእህቷ ልጅ ዘንድ የኋላ ክፍል እንዳላት ነግራኛለች። እንደምናባርራት እርግጠኛ ነበረች። አርባ አንድ ዓመት ለምና ያላገኘችውን በአንድ እንቅልፍ ልታገኘው ነው።

"ጥፋቴን አልክድም" አለች። "ቁልፉ ይኸው።" ወጥታ ደጅ ቆመች።

ጎትሎብ ጮኸ፣ ሌላው ጮኸ፣ ጠረጴዛ ተመታ። በራሳችን ፍርሃት መቆጣት ስላልቻልን እሷን ተቆጣን፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ሁሉም ከበቃው በኋላ ቄሱ፣ "መልካም፣ ትሰናበት። ማን ይተካት?" አሉ።

ስድስት ሰዎች ጠረጴዛውን ማየት ጀመርን። የእንጨቱን አይን ሳይቀር አስታውሳለሁ። ጎትሎብ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። አንዱ የላሞቹን ማለቢያ ሰዓት አነሣ። ቄሱ ወደ እኔ ሲዞሩ፣ እጄ ራሷ ወደ ወገቤ ሄደች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ነቀዘ።

"እንግዲህ" አለ ጎትሎብ በመጨረሻ፣ ድምፁ ለስልሶ፣ "ክርስቲያን ነን። ይቅር እንበላት።"

ሁላችንም እፎይ አልን። እንዲህ ያለ ፈጣን ይቅርታ በሕይወቴ አላየሁም።

ተጠርታ ገባች። "ወይዘሪት ሽቬንክ፣ ጉባኤው ይቅር ብሎዎታል" አሏት ቄሱ። "በሥራዎ ይቀጥሉ።"

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። "እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁም" አለች።

"አክስት ሮዚና፣ አታካብጂው እንግዲህ" አለ ጎትሎብ። "ሰው ይሳሳታል። ከአዝመራ በኋላ ደግሞ እናየዋለን።" ቁልፉን በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ እሷ መለሰው።

ቁልፉን አየችው። ከዚያ ቄሱን አየቻቸው። "ክቡር ቄስ፣ ማንንም መለመን የለም ብለውኝ ነበር።"

"ብያለሁ" አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቁልፉን አንሥታ ወጣች። ሰኞ ደወለች፣ ማክሰኞ ደወለች፣ ሳምንቱን ሁሉ በሰዓቱ ደወለች። ሳህኖቿን ከቅርጫት አውጥታ መደርደሪያ ላይ መለሰቻቸው። እኔም ነገሩ አለፈ ብዬ ደህና ተኛሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሜዳው ላይ ከጠቆረው ድርቆሽ የሚተርፈውን እየፈታን እናገላብጣለን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁሉም ትንሽ ቀና አለ፣ ጠበቀ። ደወሉ የለም። ሩብ አለፈ፣ ግማሽ አለፈ። ማንም አላቆመም። ከደወሉ በፊት የሚያቆም ሰነፍ ነዋ። የሚገላበጠው ድርቆሽ ካለቀ ቆይቷል፤ አንዱን ጎን ወደ ሌላው፣ ሌላውን ወደ አንዱ እየገፋን ነው። ሴቶቹ በየመንሻቸው ተደግፈው እንቅልፍ ሊወስዳቸው ደርሷል። አንድ ሰዓት ሆነ።

"ሞታ ይሆን እንዴ?" አለች የጎትሎብ ሚስት።

"ሂድና እይ፣ ኦይገን" አለኝ ጎትሎብ። "ጎረቤቷ አይደለህም?"

"አንተ ሽማግሌ አይደለህም?"

"አንተስ?"

ሄድኩ። ሮጥኩ ማለት ይሻላል፤ ልቤ ፈርቷል።

አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ታጥባለች፣ ንጹሕ ሽርጥ አድርጋለች፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣሩ ላይ ዘርግታለች። እጇን አጣምራለች። መዳፎቿ ላይ ያለው ጠባሳ የገመድ መልክ አለው።

"አመመሽ?" አልኳት።

"ደህና ነኝ።"

"አልደወልሽም።"

"አልደወልኩም።"

"ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው ያለው፣ አክስት ሮዚና። ማንም አልገባም።"

"ይግቡ። ሰዓት አላቸው።"

"እንደማይገቡ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ" አለች። ቁጣ የለባትም። ድካም ብቻ ነው ያለባት፣ እንዲህ ያለ ድካም ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። "ኦይገን፣ ተነሥቼ ልደውል አስቤ ነበር። እውነቴን ነው። እግሬ እምቢ አለኝ። ቄሱ ማንም አይሰጥሽም፣ ሲመጣ ያንቺ ነው አሉኝ። እኔ ልደውል ካልሄድኩ ግን አይመጣም። ይህን ስንት ዓመት አሰብኩት መሰለህ።"

"እኔ እኮ ወገቤ..." ብዬ ጀመርኩ። ከልማድ ነው።

"አውቀዋለሁ ወገብህን" አለች። "አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቁልፉ በሩ ላይ ነው።"

ገባሁ። ገመዱን ያዝኩ፤ ሙሉ ክብደቴን ብለቅበት ደወሉ አልነቃነቅም አለ። በሦስተኛው ተነሣ፣ እኔንም ይዞኝ ተነሣ። የመጀመሪያው ምት ተወላገደ፣ ሁለተኛው ዘገየ። ትንሹንማ አልሞከርኩትም። ጆሮዬ ደነቆረ፣ መዳፌ ተላጠ፤ ሩብ ሰዓት ማለት ይህን ያህል ረጅም መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። እሷ ይህን የምታደርገው ሙሉ ቀን ሠርታ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ እግሯም ሌላ ገመድ እየሳበ ነው። ወገቤን አመመኝ፤ በእውነት አመመኝ፤ አላዘንኩለትም።

ስወጣ ከሜዳው ሰዎቹ መንሻቸውን ተሸክመው እየመጡ ነበር። ሮዚና እንደ ተቀመጠች ናት፣ ዓይኗን ጨፍናለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እያለቀሰች ነው።

"ክፉኛ አበላሸሁት አይደል?" አልኳት።

"ክፉኛ" አለች። በሽርጧ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። "እዚያ ሥሩ ሆነህ የሚሰማህ ጩኸት ብቻ ነው። አርባ አንድ ዓመት ደውዬው ከዚህ እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም ነበር።"

ጎትሎብ ሲደርስ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መዳፌን አየና ተወው። ቁልፉን ከዚያ ወዲህ አልመለስኩላትም። ሽማግሌዎቹ ቤቱ የደዋዩ ነው ሲሉ፣ እኔ ቤት አለኝ፣ እሷ እዚያው ትኑር አልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኤሌክትሪክ የሚደውል ሞተር ገባ፤ ከእንግዲህ የማንም እጅ አላስፈለገም። እሷ ግን ሞተሩን አላየችውም።

ደወሉን ለእኔ በለቀቀችበት ዓመት፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ስልሳ ስምንት ጊዜ ደወልኩላት። ከዚያች ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ካለችው ቅዳሜ ጀምሮ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው አሥራ አራት ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያ በጠየቀችኝ ቀን እሺ ብያት ቢሆን ኖሮ ስንት ቅዳሜ እንደሚሆን አስልቼው አላውቅም። ቁጥር እችላለሁ፤ አቅም ነው ያጣሁት።